አይከን ምንድን ነው? ነጭ ስለሆነ ብቻ ፎርማት አታስደርጉ

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ወዳለችው ሱቄ አንዲት እናት ፍላሽ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ፋይሉ ሞቷል አሉኝ። በቃ ፎርማት አድርግልኝ» አሉ፤ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፋልኝ ማለት ነው። ፍላሹ ላይ የነበረው ስካን የተደረገ የቤት ካርታ ነው። መጀመሪያ የሄዱበት ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ነጭ ወረቀት መስሎ ታይቷል። እኔ ጋ ስሰካው ወዲያው ተከፈተ። ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው።

ይህ ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያው አይደለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የኮምፒውተር ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው በቪዲዮ «አይከኑ ነጭ ከሆነ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ፎርማት አድርጋችሁ ተገላገሉ» ሲል ሰማሁት። ሰው ሰምቶት የማይመለስ ነገር ያጠፋል። ስለዚህ ልጻፍ አልኩ።

አይከን ከፋይሉ ስም ጋር የምትታየው ትንሽ ሥዕል ናት፤ ምልክት ነው። ከከተማ ወጣ ስትሉ የጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ታያላችሁ። ያንን ያየ መንገደኛ ጠላ እንዳለ ያውቃል። ጣሳው በነፋስ ቢወድቅ ጋኑ ውስጥ ያለው ጠላ አይፈስም። ባዶ ቤት በር ላይ ጣሳ ብትሰቅሉም ጠላ አይጠመቅላችሁም።

ኮምፒውተር ላይ ይህን ጣሳ የሚሰቅለው ዊንዶውስ ነው። ለዚህ ብሎ ግን ጋኑን ከፍቶ አይቀምስም። የሚያየው የስሙን ጅራት ነው፤ ኤክስቴንሽን የምንለውን። ጅራቱ ዶት ፒዲኤፍ ከሆነ ሪጂስትሪ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ «ይህን የሚከፍተው የትኛው ፕሮግራም ነው?» ብሎ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ሲጫን ለዚያ ዓይነት ፋይል የሚሆን ሥዕል አብሮ አስመዝግቧል። ያ ሥዕል ይሰቀላል። ፎቶና ቪዲዮ ላይ የምታዩት ትንሽ ምስል ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማውጣት ፋይሉ በርግጥ ይነበባል።

መዝገቡ ውስጥ ባለቤት ካልተገኘ ነጭ ወረቀት ይወጣል። የእናትየዋም ካርታ የሆነው ይኸው ነው። ያ ኮምፒውተር ፒዲኤፍ ማንበቢያ አልተጫነበትም። ስለዚህ በቪዲዮ የምትመክረው ወንድሜ፣ ነጩ አይከን የሚነግርህ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ፋይል አይበላሽም እያልኩ አይደለም። ኮፒ እየተደረገ ፍላሽ ሲነቀል ወይ መብራት ድንገት ሲጠፋ ይበላሻል። ግን የተበላሸ ፋይል ጅራቱ እስካልተነካ ድረስ አይከኑ እንዳማረበት ይቆያል። አንተ የምታስተምረው ምልክት የተበላሸውን ደህና፣ ደህናውን የተበላሸ ያስብላል።

የዚህ ስህተት ግልባጭ ደግሞ አለ። ሥራ የሚፈልግ ልጅ ሲቪውን በዎርድ ይጽፋል። ማስታወቂያው በፒዲኤፍ አስገቡ ይላል። ልጁ ሪኔም ብሎ ዶክኤክስ የሚለውን ጅራት ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል። አይከኑ ወዲያው የፒዲኤፍ ይሆናል። «ኮንቨርት አደረግኩት» ብሎ ይልካል። ተቀባዩ ጋ አይከፈትም። የዎርዱ ፋይል በውስጡ የዚፕ ፋይል (ብዙ ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል) ነው፤ መነሻው ላይ ፒ እና ኬ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉት። ሪኔም ስታደርጉ እነሱ አይነኩም፤ ውስጡ ያው ዎርድ ነው። ከዎርድ ውስጥ ሴቭ አዝ ብላችሁ ፒዲኤፍ የሚለውን ምረጡ። ሪኔም ብቻ አድርጋችሁ ከሆነም አትደንግጡ፤ የድሮውን ጅራት መልሱለት፤ እንደነበረ ይከፈታል።

ሾርትከት ደግሞ ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ብቻ ነው፤ ዋና መንገድ ዳር ተተክሎ «ጠላው ወዲያ ውስጥ ነው» የሚል እንጨት ነው። ግራ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችው። ከኮዬ ፈጬ የመጣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከዴስክቶፕ ላይ ገልብጦ አምጥቶልኝ ነበር። ሳየው ሁለት ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። እንጨቱን ነቅሎ ቱሉ ዲምቱ አመጣው፤ ጋኑ ኮዬ ፈጬ ቀርቷል። የሚያስረክብበት ቀን ነበርና ልጁ ሲሮጥ ሳየው አዘንኩ። ተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ሾርትከት ዴሊት ብታደርጉ ፋይሉ አይነካም።

ታዲያ አይከን መቀየር ክፉ ነው? በፍጹም። ፊደል የማያነቡ አንድ ጎረቤቴ አሉ። የልጆቻቸው ፎቶ ያለበትን ፎልደር በአበባ ሥዕል ለየሁላቸው። አሁን ማንንም ሳይጠሩ ራሳቸው ከፍተው ያያሉ። ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከስተማይዝ፣ ከዚያ ቼንጅ አይከን ነው። ሾርትከትም ከፕሮፐርቲስ ውስጥ ይቀየራል። ሥዕሉ አይኮ የሚባለው ዓይነት ፋይል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ16 እስከ 256 ፒክስል ያሉ መጠኖችን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ትልቅም ትንሽም ሆኖ ሲታይ አይደበዝዝም። ሥዕሉን ፍላሽ ላይ አታስቀምጡት። ፍላሹ ሲነቀል አይከኑም አብሮ ይሄዳል።

የአንድን ዓይነት ፋይል ሁሉ አይከን መቀየር ግን ከበድ ይላል። እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ ለዚህ የሚሆን መስኮት ነበረ። ከሱ ቀጥሎ ከመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ወጥቷል። ዛሬ የሚከፍተውን ፕሮግራም ስትቀይሩ አይከኑም አብሮ ይቀየራል፤ ለብቻው ለመቀየር ሪጂስትሪ መንካት ያስፈልጋል። ሪጂስትሪ ከመንካታችሁ በፊት የምትነኩትን ቦታ ኤክስፖርት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቀይራችሁም አሮጌው ሥዕል ከታየ አትደጋግሙ፤ ዊንዶውስ አይከኖችን ለፍጥነት ብሎ አስቀምጦ ስለሚጠቀም ነው፤ ሪስታርት አድርጉት።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ኢኤክስኢ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ ሲከፈት የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ይህ ጣሳውን ራሱ ይዞ ይዞራል። የሠራው ሰው የፈለገውን ሥዕል ውስጡ መክተት ይችላል፤ ቢጫ ፎልደር፣ የዎርድ ምልክት፣ ያሻውን። ብዙ የፍላሽ ቫይረስ የሚገባው በዚህ በር ነው። ጅራቱን መደበቅም አሮጌ ተንኮል ነው። በፈረንጆች 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ ስሙ ውስጥ ቲኤክስቲ የሚል ነበረው፤ እውነተኛው ጅራት ቪቢኤስ (እሱም ሲከፈት እንደ ፕሮግራም የሚሠራ ነው) ግን ተደብቆ ስለነበር ሰው የፍቅር ደብዳቤ መስሎት ከፈተው። ፎልደሮቻችሁ ጠፍተው በስማቸው ሾርትከት ካገኛችሁም ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እዚያው ፍላሹ ላይ አሉ። ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊትም የተደበቀውን አስወጡ።

እኔ ጋ ኮምፒውተር ሲመጣ ከሁሉ በፊት የማደርገው ጅራቶቹ እንዲታዩ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ፎልደር ክፈቱና ቪው፣ ሾው፣ ከዚያ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ንኩ። 10 ላይ እዚያው ቪው ውስጥ የራይት ምልክት (✓) የሚደረግበት ሳጥን አለ። ፎልደር መስሎ ስሙ በኢኤክስኢ ካለቀ አትክፈቱት። የሾርትከት ጅራት ግን ይህን አድርጋችሁም አይታይም፤ እሱን በቀስቷ ለዩት።