ሸረሪት አዳኝ ተርብ ምንድን ናት?

ጥቁርና ቀጭን፣ እግሯ የረዘመ ተርብ መሬት ላይ የኋሊት ትሄዳለች። የሆነ ነገር እየጎተተች ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሸረሪት ነው፤ ያውም እሷን የሚያክል፣ አንዳንዴም በክብደት ብዙ እጥፍ የሚበልጣት። ትንሽ ትጎትትና ታስቀምጠዋለች። ትታው ትሮጣለች። ወዲያው ተመልሳ እንደገና ትይዘዋለች። ሸረሪቱ እግሮቹን ሰብስቦ ዝም ብሏል። ያየ ሁሉ "ገደለችው" ይላል።

አልገደለችውም። መግደልማ ለማንም ቀላል ነው። የእሷ ሙያ ሳይገድሉ መጣል ነው። አስገራሚው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ማንነቷን እንይ። ሸረሪት አዳኝ ተርቦች በሳይንስ ፖምፒሊዴ በሚባል ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው። ከአንታርክቲካ በቀር የማይገኙበት አህጉር የለም። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታክል አለች፤ 5 ሴንቲ ሜትር የምትደርስም አለች። ተርብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጎጆ ሠርተው በመንጋ የሚኖሩትን ነው። እነዚህ ግን ንግሥት የላቸውም፣ ሠራተኛ የላቸውም፣ ጭፍራ የላቸውም። እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ ታድናለች፣ ለብቻዋ ትቆፍራለች፣ ለብቻዋ ትወልዳለች።

ደግሞ ይህን ሁሉ የምትደክመው ለራሷ ሆድ አይደለም። አዋቂዋ ተርብ የምትኖረው በዋናነት በአበባ ወለላ ነው። ስጋው ለልጅ ነው። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ነጭ፣ እግር የሌለው ትል፣ ስጋ ካላገኘ አያድግም። ታዲያ እናትየው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሸረሪት ታስቀምጥለታለች። ከዚያ በላይ አይሰጠውም። አድጎ ክንፍ እስኪያወጣ የሚበላው ያችኑ አንድ ስንቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታትን ሌላ ተርብ ላንሳ። ግድግዳ ላይ የጭቃ ጎጆ የምትሠራው፣ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነው ተርብም ሸረሪት ታድናለች። እሷ ግን ከሌላ ቤተሰብ ናት፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ትንንሽ ሸረሪቶችን ጠቅጥቃ ታሽጋለች። የኛይቱ ደንብ ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሸረሪት ነው።

ለምን በሕይወት? ሸረሪቱ ቢሞት ይበሰብሳል፤ ወይም ይደርቃል። እጩ በልቶ እስኪጨርስ ቀናት፣ አልፎም ሳምንታት ያልፋሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ስጋ ለዚህን ያህል ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆይበት አንድ መንገድ አለ። ባለቤቱ እየተነፈሰ እንዲቆይ ማድረግ። ስለዚህ ተርቧ ሸረሪቱን ሽባ ታደርገዋለች። ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ እግሩን ግን ማንቀሳቀስ አይችልም። ይዘገንናል፤ አውቃለሁ። ገና ምን አይታችሁ።

አደኑን በቅርብ ያየ ሰው ተርቧ መረጋጋት የሌላት ይመስለዋል። መሬት ላይ ትሮጣለች፣ ክንፏን ቶሎ ቶሎ ታርገበግባለች፣ አንቴናዋን እያንቀጠቀጠች ድንጋይ ሥር ትገባለች፣ ቅጠል ሥር ትገባለች፣ ስንጥቅ ትፈትሻለች። በአንቴናዋ እያሸተተች ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ያገኙትን ሸረሪት ሁሉ አይዙም፤ አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖረውን ይመርጣል፣ አንዳንዱ መሬት ለመሬት የሚሮጠውን፣ አንዳንዱ ደግሞ ድር የሚያደራውን። ድር ላይ ያለው ሸረሪት ተርብ መምጣቷን ሲያውቅ ራሱን ወደ መሬት ይለቃል። እሷም ተከትላ ትወርዳለች፣ ሣር ውስጥ ታስሰዋለች። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለን ነበር፤ ለባለ ድሩ ግን ድሩ ሁልጊዜ አያድነውም።

ትልቁ ፍልሚያ ከታራንቱላ ጋር የሚደረገው ነው። ታራንቱላ ትልቁ፣ ጠጉራሙ ሸረሪት ነው። እሱን የሚያድኑት ተርቦች በሁለት ወገን ይጠራሉ፤ ፔፕሲስና ሄሚፔፕሲስ። (ፔፕሲስ የሚለው ስም የወጣላት ለስላሳ መጠጡ ከመፈጠሩ በፊት ነው፤ እንዳታያይዙት።) ፔፕሲስ የምትገኘው በአሜሪካ አህጉራት ነው። ሄሚፔፕሲስ ግን በአፍሪካና በእስያም አለች። ብዙዎቹ ሰውነታቸው እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክንፋቸው ብርቱካንማ ነው። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። "አትንኩኝ" ማለት ነው።

ተርቧ የታራንቱላውን ጉድጓድ ስታገኝ በር ላይ ያለውን ድር ትነካካለች፤ ወይም ደፍራ ትገባለች። ሸረሪቱ ይወጣል። የፊት እግሮቹን ያነሳል፣ የመርዝ ጥርሱን ያሳያል። ሲነሳ ግን ሆዱ ሥር ይጋለጣል። የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። እግሩን ትይዛለች፣ ከሥሩ ትገባለች፣ መናደፊያዋን እግሮቹ ከሰውነቱ ጋር በሚገናኙበት ለስላሳ ቦታ ትሰካለች። ሌላው አካሉ ጠንካራ ሽፋን አለው። እዚያ ቦታ ግን ሽፋኑ ስስ ነው፤ ከጀርባውም እግሮቹን የሚያዘው የነርቭ ቋጠሮ አለ። መርዙ እዚያ ሲደርስ ሸረሪቱ በሰኮንዶች ውስጥ ይዝለፈለፋል። ሸረሪቱ በበኩሉ ተርቧን ለመንከስ ቢሞክርም ሰውነቷ ጠንካራና አንሸራታች ስለሆነ ጥርሱ መያዣ አያገኝም። ሁልጊዜ እሷ ታሸንፋለች ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ታሸንፋለች።

መናደፊያ ያላት ሴቷ ብቻ ናት። ምክንያቱም መናደፊያው ከጥንት የእንቁላል መጣያ አካል ነበር። በዝግመተ ለውጥ ወደ መርፌነት ተቀየረ። ወንዱ ይህ አካል የለውም፤ ስለዚህ ቢያስፈራራም አይናደፍም።

ሰውንስ? የታራንቱላ አዳኟ መርፌ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ጀስቲን ሽሚት የነፍሳትን ንድፊያ በሕመም ደረጃ ከ1 እስከ 4 አስቀምጦ ነበር። ለእሷ የሰጣት 4 ነው። ሕመሙ እንደ ኤሌክትሪክ ያንዘረዝራል ይባላል፤ ደግነቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ለተነደፈ ሰው የሚሰጠው ምክር "ጋደም ብለህ ጩኽ" ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን እየሮጠ የሚጮህ ሰው ወድቆ ሌላ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ያም ሆኖ ካልያዝናት ወይም ካልረገጥናት አትነካንም። ለሰው ደንታ የላትም። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት በ1989 ይህችኑ ተርብ የግዛቱ መለያ ነፍሳት አድርጎ መርጧል።

ወደ ሸረሪቱ እንመለስ። ከጣለችው በኋላ ነው ትልቁ ጣጣ የሚመጣው። ሸክሙ ከባድ ስለሆነ ይዛው መብረር አትችልም፤ ስለዚህ የኋሊት እየተራመደች ትጎትታለች። የኋሊት ስትሄድ ደግሞ መንገዱ አይታያትም። ለዚህ ነው ደጋግማ እያስቀመጠችው የምትሮጠው። ጉድጓዷ የት እንዳለ እያረጋገጠች ነው። ግን ባስቀመጠችው ቁጥር ጉንዳን ሊወስድባት ይችላል። አንዳንዶቹ መላ አላቸው፤ ሸረሪቱን ቅርንጫፍ ላይ፣ እንደ መንታ በተከፈለ ግንድ መሃል ይሰቅሉታል። ሌሎቹ ለጊዜው አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል። ውሃ ዳር የሚኖሩ አንዳንዶቹ ደግሞ ሸረሪቱን ውሃው ላይ አንሳፍፈው ይጎትቱታል፤ እንደ ጀልባ።

ኦፕሎፐስ የምትባለው ወገን ያገኘችው መፍትሔ የጭካኔ ነው፤ ብልህነቱን ግን መካድ አይቻልም። የሸረሪቱን እግሮች ቆርጣ ትጥላለች። ግንዱ ብቻ ሲቀር ሸክሙ ይቀላል፣ ሣር ላይ አይጠላለፍም። ከሥሯ ይዛው ወደፊት ትራመዳለች፤ አንዳንዴም ትበራለች። የኋሊት ጉዞ ቀረ። እሷ ከጭቃ ትንንሽ ጋን የሚመስሉ ክፍሎች ትሠራለች፤ እግር የሌለው ሸረሪት ለጠባብ ክፍልም ይመቻል።

ጉድጓዱን በተመለከተ ሁሉም አንድ ዓይነት ልማድ የለውም። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያድናሉ፣ ከዚያ ይቆፍራሉ። ጥቂቶቹ ቆፍረው ነው ለአደን የሚወጡት። ታራንቱላ አዳኞች ብዙ ጊዜ መቆፈሩንም ይተዉታል። ሸረሪቱን ወደ ራሱ ጉድጓድ መልሰው ያስገቡታል። ቤቱ መቃብሩ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በሆዱ ላይ አንድ እንቁላል ታጣብቃለች። አንድ ብቻ። ትወጣና አፈሩን ትመልሳለች፣ በሆዷ ጫፍ እየደቃች ትጠቀጥቀዋለች። አንዳንዶቹ ምልክቱ እንዳይታወቅ ላዩ ላይ ጠጠርና ቅጠል ይበትናሉ። ከዚያ ወዲያ ልጇን አታየውም።

የሚገርመው ሌላ ነገር የልጁን ጾታ የምትወስነው ራሷ መሆኗ ነው። በተርቦች ዘንድ በወንድ ዘር የዳበረ እንቁላል ሴት ይሆናል፤ ያልዳበረው ወንድ ይሆናል። እናትየው ከተዳቀለች በኋላ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ እንደ ፈቃዷ ትጠቀምበታለች። ያገኘችው ሸረሪት ትልቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሴት ትወልዳለች፤ ትንሽ ከሆነ ወንድ። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ነገ ከባድ ሸረሪት የምትጎትተው ሴቷ ናት፤ ትልቅ አካል የሚያስፈልጋትም እሷ ናት። ወንዱ ቢያንስም ከአበባ ወደ አበባ ለመብረር አይቸገርም።

እንቁላሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይፈለፈላል። እጩ መጀመሪያ የሸረሪቱን ቆዳ ቀዶ ፈሳሹን ይመጥጣል። ሲያድግ ስጋውን መብላት ይጀምራል። ግን እንዳገኘ አይበላም። ልብንና ሌሎች ለሕይወት የግድ የሚያስፈልጉ አካላትን ለመጨረሻ ያቆያል። ማንም አላስተማረውም። ቀድሞ ልቡን ቢበላ ስንቁ ይበላሻል፤ እሱም ይሞታል። ሸረሪቱ በእውነት የሚሞተው እጩ ሊጨርሰው ሲቃረብ ነው። ከዚያ እጩ ክር ፈትሎ ይጠቀለላል፣ ውስጡ ሆኖ ወደ ተርብነት ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ልፋት ያለበት ስንቅ ታዲያ ሌባ ቢበዛበት አይገርምም። አስቂኙ ነገር ከሌቦቹ አንዳንዶቹ የራሷ ዘመዶች መሆናቸው ነው። ሴሮፓሌስ የምትባለው ወገን፣ ሌላዋ ተርብ ሸረሪቷን ስትጎትት አድብታ ትከተላታለች። ዞር ስትል በሸረሪቱ መተንፈሻ ቀዳዳ ውስጥ እንቁላሏን ሸጎጥ አድርጋ ትሄዳለች። ባለቤቷ ምንም ሳታውቅ ሁለቱንም አንድ ላይ ትቀብራለች። የሌባዋ ልጅ የባለቤቷን እንቁላል አጥፍቶ ስንቁን ይወርሳል። ኢቫጌተስ የምትባለው ደግሞ የተዘጋውን ጉድጓድ ቆፍራ ትገባለች፣ ያለውን እንቁላል ትበላለች፣ የራሷን ትተካለች። አዳኟ ለፍታ፣ ሌላዋ በላች።

በደቡብ ምሥራቅ ቻይና የምትገኝ አንዲት ዝርያ ለእንዲህ ዓይነት ችግር የተለየ ዘዴ አላት። በ2014 ነው ለሳይንስ የታወቀችው። ክፍት በሆነ ሸንበቆ ውስጥ ተራ በተራ ክፍሎች ትሠራለች፤ የመጨረሻውን፣ በበሩ በኩል ያለውን ክፍል በሞቱ ጉንዳኖች ትሞላዋለች። ለምግብ አይደለም። የጉንዳኖቹ ሽታ ሌባውን ያርቃል ተብሎ ይታመናል፤ ጎጆዋም በአካባቢው ካሉት ከሌሎቹ ያነሰ ይጠቃል። ተመራማሪዎቹ ኦሳሪየም አሏት፤ የአጽም ቤት እንደ ማለት ነው።

ሸረሪቶችም ዝም ብለው አይታደኑም። ጉድጓዳቸው ላይ ክዳን ያላቸው አሉ፤ ክዳኑን ከውስጥ በእግራቸው ጨምድደው ይይዙታል። ለእኔ ግን አንደኛው በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በናሚብ በረሃ የሚኖረው ወርቃማ ሸረሪት ነው። ተርብ ስትመጣበት፣ የአሸዋ ክምሩ ቁልቁለት ከሆነ፣ እግሮቹን አጥፎ እንደ ጎማ ይንከባለላል። በሰኮንድ እስከ 44 ዙር ይሽከረከራል። እሷ ከላይ ቆማ ስትፈልግ እሱ ከታች ደርሷል። ቁልቁለት ካልሆነ ግን አበቃለት።

አፈር ውስጥ የቀረው ልጅስ? አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ይወጣል። ሌላው ቅዝቃዜው ወይም ደረቁ ወራት እስኪያልፍ ክሩ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ከዚያ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል፣ ክንፉን ያደርቃል፣ አበባ ይፈልጋል። ሴት ከሆነች ተዳቅላ ብዙም ሳትቆይ መሬት ላይ መሮጥ ትጀምራለች፤ አንቴናዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ድንጋይ ሥር እየገባች፣ እየወጣች።