ክፍት አድማስ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የት ሆነን እንይ?

«ፀሐይ ስትወጣ ማየት እፈልጋለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የት ልሂድ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ «እንጦጦ» ይላችኋል። መልሱ መጥፎ አይደለም። ግን ግማሽ መልስ ነው። እንጦጦ ላይ ሰኔና ታኅሣሥ አንድ አይደሉም። ደግሞም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆማችሁ፣ ከእንጦጦ የማይተናነስ ንጋት የምታዩባቸው ወራት አሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ክፍት አድማስ የሚባለው ነገር ነው።

አድማስ ሰማይና ምድር የገጠሙ የሚመስሉበት መስመር ነው። ክፍት አድማስ ስንል ያ መስመር ሕንፃም፣ ዛፍም፣ ተራራም ሳይጋርደው ዝቅ ብሎ ሲታይ ማለታችን ነው። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት የሚያስፈልገን የምሥራቁ ብቻ ነው። ጀርባችን ቢዘጋ፣ ግራና ቀኛችን ግንብ ቢሆን ምንም አይደል። ስለዚህ ጥሩ ቦታ ማለት የግድ ከፍ ያለ ቦታ ማለት አይደለም። ከፍታ የሚጠቅመን ከፊታችን ያለውን ነገር ዝቅ ስለሚያደርግልን ነው። ከፍ ብላችሁ ፊታችሁ ላይ ሌላ ጋራ ከተደቀነ የወጣችሁት ለዳገቱ ብቻ ነው።

ስልካችሁ «ፀሐይ የምትወጣው በዚህ ሰዓት ነው» ሲላችሁ፣ ሰዓቱ የተሰላው ፊታችሁ ለጥ ያለ ሜዳ እንደሆነ ተደርጎ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ የለም። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። አንድ ዲግሪ ለመውጣት አራት ደቂቃ ይፈጅባታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ብዙም ሳታጋድል ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ሒሳቡ እዚህ በደንብ ይሠራል። ከእናንተ 100 ሜትር ርቀት ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቤት በምሥራቅ በኩል ቢቆም፣ ፀሐይዋን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይይዝባችኋል። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ እንኳን፣ በትክክል በፀሐይዋ መንገድ ላይ ከገባ ከ45 ደቂቃ በላይ ያዘገያታል።

ይሄን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ክንዳችሁን ወደፊት ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። እጃችሁን ጨብጡ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የጭብጣችሁ ቁመት ከሞላ ጎደል አሥር ዲግሪ ነው፤ በፀሐይ ሰዓት ሲመነዘር 40 ደቂቃ። አንድ ጣት ደግሞ ወደ ሁለት ዲግሪ ይጠጋል። የጭብጣችሁን ታችኛ ጠርዝ በዓይናችሁ ትክክል አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ በምሥራቅ ያለው ጣሪያ ወይም የዛፍ ጫፍ ስንት ጭብጥ፣ ስንት ጣት እንደሚወጣ እዩ። ከሁለት ጣት በታች ከሆነ ቦታው በጣም ጥሩ ነው። ጭብጥ ከሞላ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ይሄን ቀን ላይ፣ ከሥራ ስትመለሱ ወይም ቡና ስትጠጡ ልታደርጉት ትችላላችሁ። በጨለማ ተነሥቶ ቦታ ከመፈለግ ይሻላል።

ታዲያ ትንሽ ብትዘገይ ምን አለበት? አለበት እንጂ። ያ ሁሉ ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ያለው መጀመሪያዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች ላይ ነው። ፀሐይ አድማስ ላይ ስትሆን ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ የሚያቋርጠው አየር፣ አናታችን ላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው 38 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚያ ረጅም መንገድ ሰማያዊው ብርሃን ተበታትኖ ያልቅና ቀዩ ይተርፋል። አንድ ጭብጥ ከወጣች በኋላ ግን ነጭ ሆናለች፤ ዓይን ትወጋለች። የምታዩት የፀሐይን መውጣት ሳይሆን የጠዋት ፀሐይን ነው።

አሁን ወደ አቅጣጫው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት 11 እና መስከረም 12 አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ትንሸራተታለች። ሰኔ 14 አካባቢ ወደ ሰሜን ያደላችበት ጫፍ ላይ ትደርሳለች፤ የስልካችሁን ኮምፓስ ብትከፍቱ 66 ዲግሪ ላይ። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ ወደ ደቡብ አድልታ 114 ዲግሪ ላይ ትወጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት አምስት ጭብጥ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ በታኅሣሥ ያያችሁበት ክፍተት በሰኔ በሕንፃ ወይም በጋራ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ለንደን ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። እዚያ ከ50 እስከ 130 ዲግሪ ድረስ ነው የምትንከራተተው፤ የክረምቱና የበጋው ቦታ ፈጽሞ አይገናኝም።

የአዲስ አበባን ዙሪያ ገባ በዚህ ዓይን ስታዩት ከተማዋ ሌላ ትሆናለች። በሰሜን እንጦጦ አለ፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የየካ ተራራ አለ። በደቡብ ምሥራቅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የረር ብቻውን ቆሟል። በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምዕራብ ወጨጫ። መሬቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቦሌ አየር ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አቃቂ ከዚያም ይወርዳል። እንግዲህ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቁ ነው ክፍቱ። ሰሜን ምሥራቁ ግን በየካና በእንጦጦ የተያዘ ነው።

ለዚህ ነው እንጦጦ የበጋ ቦታ የሚሆነው። ጋራው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ ከተማው ደቡቡ ላይ ተኝቷል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታደላ ከፊታችሁ ያለው ሜዳው ነው። ከላይ ሆናችሁ የረርን ዓይን ለዓይን ታዩታላችሁ፤ ከፍታችሁ ከሱ ጋር ተቀራራቢ ነውና። በሰኔ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታደላ የራሱ የእንጦጦ ጀርባ መሃል ይገባል። ባሕር ዛፉም አለ። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ዛፍ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ጋራው ያስገኘላችሁን ከፍታ መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ እንጦጦ ስትወጡ ዛፉ የተመነጠረበትን፣ ቁልቁለቱ የሚጀምርበትን ጠርዝ ፈልጉ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው መንገድ ለኪዳን የሚሄዱ ምእመናን ስላሉ በማለዳ ብቸኛ አትሆኑም። ቢሆንም ጫካው ውስጥ ጅብ አለ። ብቻችሁን ከመንገድ አትውጡ።

ከተማው ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ለምትኖሩ፣ ማለትም ለጀሞ፣ ለአየር ጤና፣ ለወለቴ ሰዎች፣ በደጃችሁ ትልቅ ጸጋ አለ። በኅዳርና በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከየረር ብዙም ሳትርቅ ነው። ከጀሞ ስትታይ የየረር ጫፍ ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ የሚያዘገያት ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ተራራው ጠቁሮ፣ ዳርና ዳሩ ወርቅ ይሆናል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የከተማ ንጋት አላውቅም።

የኮንዶሚኒየሙን ነገር ላብራራ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ አይወጣበትም፤ መሞከርም የለበትም። ግን ብዙዎቹ ብሎኮች ደረጃቸው ክፍት ነው። የመጨረሻው ፎቅ ማረፊያ ላይ ስትቆሙ ፊታችሁ የሚገጥማችሁ የሌላ ብሎክ ጣሪያ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። በመጀመሪያ የምትፈልጉት ደረጃው ወደ ምሥራቅ የሚያይ ብሎክ ነው። በብሎኮች መካከል የሚያልፈው መንገድ ወደ ምሥራቅ ከተዘረጋ ደግሞ አንደኛ ፎቅ እንኳን ይበቃል። ጎረቤት ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። በ11 ሰዓት ተኩል ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ጥበቃውን ያስደነግጣል።

አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ያላችሁ ደግሞ ከተማው ከጀርባችሁ ነው። ፊታችሁ ገና ያልተገነባበት መሬት ካለ ተጠቀሙበት፤ በየዓመቱ ይጠባል። መሃል ከተማ ያላችሁ ግን ከፍታ ስትፈልጉ አትድከሙ። ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና አያት የሚሄደው ሰፊ መንገድ ባብዛኛው ወደ ምሥራቅ ነው የሚያመራው። በመስከረምና በመጋቢት በዚያ በኩል የሚነዳ ሾፌር ሁሉ ጠዋት ፀሐይ ዓይኑን እንደምትመታው ያውቃል። ለሾፌሩ ችግር የሆነው ለእናንተ እድል ነው። የእግረኛ ድልድይ ላይ ብትቆሙ መንገዱ ራሱ ክፍት አድማስ ይሆንላችኋል። ስልካችሁን ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

ሰዓቱስ? አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በጣም ማልዳ የምትወጣው በግንቦት አጋማሽ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ5 ገደማ ነው። በጣም የምትዘገየው በጥር አጋማሽ፣ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ። ልዩነቱ 40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የኛ ሀገር ንጋት ታማኝ ነው። ግን ፀሐይዋ በምትወጣበት ሰዓት ብትደርሱ ግማሹ አምልጧችኋል። ሰማዩ ወገግ ብሎ ያለ መብራት መንገድ ከሚታይበት ጊዜ አንሥቶ ፀሐይ ብቅ እስክትል እዚህ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ በበጋ አንድ ሰዓት ሊሞላ ይችላል፤ እኛ ጋ አይጠብቅም። ስለዚህ ከ40 ደቂቃ በፊት ድረሱ። በአንዳንድ ወራት አጥቢያ ኮከብን ታገኟታላችሁ።

እየጠበቃችሁ ሳላችሁ አንዴ ዞር ብላችሁ ምዕራቡን እዩ። ከወጨጫ በላይ ግራጫ ሰማያዊ ጥላ ዝቅ ብሎ ተነጥፎ፣ ከሱ በላይ ፈዛዛ ሮዝ መቀነት ይታያል። ያ ጥላ የምድር የራሷ ጥላ ነው። ፀሐይ ለመውጣት በቀረበች ቁጥር እየሰመጠ ይሄዳል። ከዚያ የወጨጫ ጫፍ ይቀላል፤ እናንተ ፀሐይዋን ከማየታችሁ በፊት እሱ አይቷታል ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የቀራችሁ፣ ወደ ምሥራቅ ተመለሱ። ክቧ ጫፏን ካሳየች በኋላ ሙሉ ለሙሉ እስክትወጣ ሁለት ደቂቃ ብዙም አትዘልም። ከዚያ በኋላ በቀጥታ አትመልከቷት። በባይኖኩላር ወይም በካሜራ መመልከቻ ቀዳዳ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሆንም።

ወሩን በተመለከተ ጥርጥር የለኝም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክረምት ላይ ደመናው ምሥራቁን ይዘጋል። መስከረም ገና ያመነታል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል፤ ደራርቡ፣ ጋቢም ያዙ። ንፋስ በሌለበት የበጋ ማለዳ የከሰልና የመኪና ጭስ ሜዳው ላይ ተኝቶ ያድራል። ያኔ ዝቅ ያለ ቦታ የቆመ ሰው የረርን አያየውም፤ እንጦጦ ያለው ከጭሱ በላይ ስለሆነ ያያል። ኅዳር 12 ደግሞ ለብቻው ነው። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። ጭሱ እስኪበተን ፀሐይዋ ደም መስላ ትወጣለች፣ ተራሮቹ ግን ይጠፋሉ። ጥርት ያለ አድማስ ለሚፈልግ ሰው ያን ሰሞን ማሳለፍ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰማዩ ጥርት ብሎ አድማሱ ላይ ብቻ ቀጭን ደመና ብታዩ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። ጣታችሁን ዘርግታችሁ ለኩት። ሁለት ጣት ከሆነ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ፀሐይዋ ከደመናው አናት ላይ ትወጣለች፣ የደመናው ጠርዝም ቀለሙን ያኔ ነው የሚያወጣው።