የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ፖስተር ምንድን ነው?

በጦርነት ጊዜ መንግሥት ወይም አንዱ ተዋጊ ወገን ሕዝቡን ለማንቀሳቀስ በብዛት አሳትሞ መንገድ ዳር፣ ባቡር ጣቢያ፣ ፋብሪካ በር ላይ የሚለጥፈው ሥዕልና ጽሑፍ ነው። ዓይን የሚይዝ አንድ ምስል፣ እየሄዱ የሚነበብ አጭር ቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትእዛዝ አለው፦ ዝመት፣ ቦንድ ግዛ፣ እህል አታባክን፣ ምሥጢር አታውጣ። ትእዛዝ የሌለበት የጦርነት ሥዕል ሥዕል ብቻ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ከባሕር ዳር ጀልባ ይዞ ዘጌ መሻገር ይበቃል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሱ ዙሪያ ከተሳሉት መካከል ቅዱሳኑ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ ነው። በኋላ የዐድዋን ጦርነት የሳሉ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ደንብ ይዘው ኢትዮጵያውያኑን ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖቹን በጎን አደረጓቸው፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ይዋጋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ የወገንና የጠላት ጦር የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ፖስተር ሠሪም የሚፈልገው ይህንን ነው። ሆኖም የግድግዳውን ሥዕል ለማየት ሰው ወደ ደብሩ ይሄዳል፤ ፖስተር በሺህና በሚሊዮን ተባዝቶ ሰው ወዳለበት ይመጣል።

ፊት ለፊት የሚያይ ዓይን ሌላም ጥቅም አለው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ወደ ተመልካቹ እያየ የተሳለ ፊት፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብትሄዱ የሚከተላችሁ ይመስላል፤ ሥዕሉ ጎን ስለሌለው ከየትም ቢታይ ያው ነው። አልፍሬድ ሊት እ.ኤ.አ. በ1914 የእንግሊዙን የጦር ሚኒስትር ኪችነርን ጣቱን ቀስሮ ሲስለው፣ ጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግ በ1917 የአሜሪካ መንግሥት ምልክት የሆነውን አጎት ሳምን፣ ዲሚትሪ ሙር በ1920 የሩሲያ ኮሚኒስቶችን የቀይ ጦር ወታደር ሲስሉ የሠሩበት ዘዴ ይህ ነው። መንገደኛው ከመቶ ሰው መሃል እሱ ብቻ የተጠራ ይመስለዋል። የፍላግ ሥዕል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታትሟል።

የቀለሙ ማነስ የሠዓሊው ምርጫ ብቻ አይደለም። ፖስተሮቹ በሚታተሙበት በሊቶግራፊ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ወደ ወረቀት በሚያትመው ዘዴ፣ እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ድንጋይ ወይም የዚንክ ሰሌዳ ይፈልጋል፤ ወረቀቱም ለየቀለሙ እንደገና ማተሚያው ውስጥ ያልፋል። ሰሌዳዎቹ ትንሽ ከተዛነፉ የፊቱ ጠርዝ ላይ ጥላ ይወጣና ከንፈሩ ከአፉ ይሸሻል። ስለዚህ ሦስት አራት ቀለም፣ ሰፋፊ ጠፍጣፋ መደብ፣ ወፍራም መስመር ይመረጣል። በእንግሊዝ የተለመደው መጠን 51 በ76 ሳንቲሜትር ግድም ነበር። በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ማተሚያና ወረቀት ሲጠፋ ደግሞ ገጣሚው ማያኮቭስኪና ጓደኞቹ ቅርጹን ካርቶን ላይ ቆርጠው በማውጣት በእጅ ቀለም እየቀቡ አባዙት፤ ዕቃ ባለቀባቸው ሱቆች መስኮት ላይም ሰቀሉት።

ታዲያ የሕዝቡን አስተሳሰብ ለወጠ? ብዙ ጊዜ ከሚባለው ያነሰ፣ ከሚባለውም በተለየ መንገድ ነው። በእንግሊዝ በፈቃዱ የተመዘገበው ሰው ቁጥር ጣሪያ የነካው በሴፕቴምበር 1914 ነው፤ በዚያ ወር ብቻ ከ460 ሺህ በላይ። የኪችነር ሥዕል ግን በመጽሔት ሽፋን የወጣው በዚያው ወር በ5ኛው ቀን ሲሆን ግድግዳ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። ፖስተሩ እየበዛ ሲሄድ ተመዝጋቢው እየሳሳ ሄደ፤ በጃንዋሪ 1916 የግዳጅ ምልመላ ሕግ ወጣ። ፖስተር አስቀድሞ የቆረጠውን ያፋጥናል እንጂ ያልፈለገውን በአንድ ጀምበር አይለውጥም።

የሚሠራው በይሉኝታ በኩል ነው። በ1915 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ፖስተር ላይ ሴት ልጅ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ «አባባ፣ በታላቁ ጦርነት አንተ ምን ሠራህ?» ትላለች። አባትየው መልስ የለውም፤ ዓይኑን ከእሷ መልሶ ወደ እኛ ያያል። የሚያስፈራው ጠላት ሳይሆን የቤተሰብና የጎረቤት ዓይን ነው። በኛም አገር በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ፣ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር በየቦታው ሲደጋገም፣ ለዘማቹ የተነገረውን ያህል ቤት ለቀረውም የተነገረ ነበር።

ሲበላሽም ምክንያቱ ይታያል። በ1939 የእንግሊዝ መንግሥት «ድፍረታችሁ፣ ደስታችሁ፣ ቆራጥነታችሁ ድልን ያመጣልናል» የሚል ፖስተር ለጠፈ። ሕዝቡ መከራው ለኛ፣ ድሉ ለነሱ ብሎ አነበበው። አብሮት የታተመውና ዛሬ ኩባያ ላይ የምናየው «ተረጋጉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» የሚለው ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ቅጂ ቢታተምም ለክፉ ቀን ተብሎ መጋዘን ቀረ፤ አብዛኛው ተፈጭቶ እንደገና ወረቀት ሆነ። የባሰው ግን ማጋነን ነው። በአንደኛው ጦርነት የጀርመን ጠላቶች ጀርመንን ሴት በክንዱ የያዘ ጎሪላ አድርገው ሳሉት፤ ቤልጂግ ውስጥ በእርግጥ በተፈጸመው ግድያ ላይም ብዙ ፈጠራ ጨመሩበት። ፈጠራው ከጦርነቱ በኋላ ሲጋለጥ፣ በሁለተኛው ጦርነት ስለ ናዚ ጭፍጨፋ የመጣውን እውነተኛ ወሬ ብዙ ሰው «ያው የድሮው ነው» ብሎ ተጠራጠረው።

አሮጌ ፖስተር ስታገኙ ከምስሉ በፊት ግርጌውን እዩ። አሳታሚው፣ ማተሚያ ቤቱ፣ አንዳንዴም የፖስተሩ ተራ ቁጥር በደቃቅ ፊደል እዚያ ይሰፍራል። ቴሌግራም ላይ ለሚዘዋወረው ቅጂ መጀመሪያ የሚቆረጠው ያ መስመር ነው።