ካፓ ምንድን ነው? 84 በመቶ መስማማት ለምን አያስተማምንም?

«ሁለት መምህራን የዲዛይን ኮርስ ሪፖርቶችን አርመው 84 በመቶ ተስማሙ፤ ስለዚህ ነጥቡ አስተማማኝ ነው፣ አዲሱ የማስተማር ዘዴም ሠርቷል።» ይህ አባባል አሰልቺ ሆኗል።

ካፓ ጃኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መለኪያ ነው። ከሁለት አራሚዎች ስምምነት ላይ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችለውን ቀንሶ የቀረውን ይለካል፤ 0 ማለት ከአጋጣሚ ያልተሻለ፣ 1 ማለት ሙሉ ስምምነት ነው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰዎች በየማለዳው «ዛሬ ይዘንባል» ቢሉ ወሩን ሙሉ ይስማማሉ፤ ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ግን ላይኖር ይችላል። አዋቂው የሚለየው ሚያዝያ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ዘንቦ ሌላ ቀን ሲያባራ። የመመረቂያ ዲዛይን ኮርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ ነው፤ የሚወድቅ ጥቂት ነው።

50 ሪፖርት እንውሰድ። 40ውን ሁለቱም አሳለፉ፣ 2ቱን ሁለቱም ጣሉ፤ ከቀሩት 8 አንደኛው 4ቱን፣ ሌላኛው 4ቱን ለብቻው ጣለ። ስምምነቱ 42 ከ50፣ 0.84 ነው። እያንዳንዳቸው 44 (0.88) አሳልፈዋል። ሪፖርቱን ሳይገልጡ ማለፊያና መውደቂያ በዚሁ መጠን ቢያድሉ እንኳ 0.88 × 0.88 + 0.12 × 0.12፣ ወደ 0.79 ይስማማሉ። ካፓ (0.84 − 0.79) ÷ (1 − 0.79)፣ ማለትም 0.24 ገደማ ነው። ቢያንስ አንዱ የጣላቸው 10 ሪፖርቶች ናቸው፤ የተስማሙት በ2ቱ ብቻ!

«ካፓው የወረደው አላፊ ስለበዛ ነው፤ አራሚዎቹ ምን አጠፉ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፣ አላፊ ሲበዛ ካፓ ይወርዳል። ያ ግን 84 በመቶውን አያድነውም፤ ሪፖርቶቹ አራሚዎቹን ለመፈተን አልበቁም ማለት ነው። ደካማ፣ መካከለኛና ጥሩ ሪፖርት ቀላቅሎ ማሳረም ይሻላል።

ነጥብ የሚመዘገበው ከውይይት በፊት ነው። ቡና ላይ ከታረቁ በኋላ የተሰላ ካፓ የሽምግልና ውጤት ነው። በተለያዩበት መስፈርት ላይ ሩብሪኩን (የማረሚያ መስፈርቶች ዝርዝሩን) ያስተካክሉ፦ «ጥሩ ትንተና» የሚለው ወጥቶ «ቢያንስ 3 አማራጭ ንድፎች በአንድ ዓይነት መስፈርት ተነጻጽረዋል» ይግባ። ከዚያ ሌላ፣ ያልታየ ሪፖርት ይታረም።

ነጥቡ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ተራው ካፓ የ3ና የ4ን ልዩነት ከ1ና ከ4 እኩል ይቀጣል፤ ክብደት የተሰጠውን ካፓ፣ ሰፊውን ልዩነት አብልጦ የሚቀጣውን፣ ይጠቀሙ። ካፓ ከፍ ማለቱም ልክ መሆንን አያሳይም፤ ዜሮአቸው እኩል የተዛባ ሁለት ካሊፐሮችም (የውፍረት መለኪያዎች) ይስማማሉ። ደግሞ 50 ሪፖርት በአምስት አምስት ተማሪ ተሠርቶ ከሆነ መረጃው 50 እንጂ 250 አይደለም።