ሀሳብ ሲበዛ፦ ወሎ ላይ ስለ ጭንቀት የምንሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

ወሎ ውስጥ የጨነቀው ሰው ብቻውን አይተውም። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ «አብሽር» ይባላል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አብሮ የሚመጣው ምክር ግን አንዳንዴ ልክ አይደለም፤ የተጨነቀውን ሰው ይብስ ያስጨንቀዋል። ከደሴ እስከ ወልድያ በየቡናው የሚሰሙትን ጥቂቶቹን ላንሳ።

«አታስብ! ከአእምሮህ አውጣው»

በብዛት የሚሰማው ይሄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ሀሳብ በትእዛዝ አይወጣም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ፈትሾ በ1987 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ተማሪዎችን «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ» አሏቸው። ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል እንዲመቱ ተነገራቸው። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ቀጥሎ «አሁን አስቡት» ሲባሉ ደግሞ፣ መጀመሪያውኑ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ተማሪዎች በላይ ድቡን አሰቡት። የታፈነ ሀሳብ በርትቶ ይመለሳል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለሀሳቡ ሰዓት መስጠት። ለምሳሌ በየቀኑ ከ11 ሰዓት ጀምሮ 20 ደቂቃ። ከመኝታ ሰዓት ይራቅ። ሀሳቡ ጠዋት ሲመጣ አትታገሉት። በአንድ መስመር ጻፉትና «11 ሰዓት ላይ አየዋለሁ» ብላችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀቱን አውጡና ሀሳቦቹን ለዩ፦ እኔ ላደርግበት የምችለው ነገር አለ ወይስ የለም?

የደላንታን ወይም የለጋምቦን ገበሬ እናስብ። በልግ የሚጠብቅ ሰው ከየካቲት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። «ቢቀርስ?» ይላል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ቤተሰብ ስለ ዝናብ ቢጨነቅ ማን ይፈርድበታል? ዝናቡ በእጁ አይደለም። ጎተራ ውስጥ ስንት ወር የሚያደርስ እህል እንዳለ ማየት ግን በእጁ ነው። ቶሎ የሚደርስ ዘር መጠየቅ፣ ድርቅ ከበረታ የከብት ዋጋ ስለሚወድቅ አንድ በግ አስቀድሞ መሸጥም እንደዚያው። ከእነዚህ አንዱን ይመርጣል፣ ቀን ይቆርጥለታል። የቀረውን ለነገው 11 ሰዓት ያሳድራል። መጻፍ የማይችል ሰው በዚያው ሰዓት ለሚያምነው ሰው ይንገረው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሳካም፤ ሲደጋገም ግን አእምሮ ይለምደዋል።

«ጭንቀት የእምነት ማነስ ነው»

አይደለም። የሚሰግዱም የሚጾሙም ይጨነቃሉ። ሶላት፣ ዱዓ፣ ጸሎት፣ ፀበል ብዙ ሰው ያረጋጋሉ፤ አትተዉ። የሚጎዳው «እምነትህ ቢጠነክር ኖሮ» የሚለው ነቀፋ ነው። እሱን የሰማ ሰው ሕመሙን ይደብቃል። ፀበል የሚሄድ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒትም አያቋርጥ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

«ልቤ ሊቆም ነው»

ድንገት ልብ ይመታል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰው የሚሞት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሰውነት የአደጋ ደወል ያለ አደጋ ሲጮህ ነው። ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይበርዳል። መደንዘዙና ማዞሩ የሚመጣው ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ በደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ ተቀመጡ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ማስወጣቱ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል።

ግን ጥንቃቄ። አዲስ የደረት ሕመም፣ በተለይ ዳገት ስትወጡ የሚብስ ከሆነ ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ፣ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በደጋው አካባቢ ደግሞ እንቅርት ብዙ ነው። አንዳንዱ እንቅርት ሆርሞን ከመጠን በላይ ያመነጭና ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ያከሳል። ቁርጥ ጭንቀት ይመስላል። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። መጀመሪያ መመርመር ይህን ለመለየት ነው።

«ቡናና ጫት ሀሳብ ያበርዳሉ»

የሚያበርደው አብሮ መቀመጡ ነው። ካፌይኑማ ልብን ይበልጥ ያስሮጣል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ሰውነታችን ውስጥ ይገኛል። ከቀኑ 10 ሰዓት አቦል የጠጣ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲተኛ ግማሹ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ከቡናው ክበብ ግን አትቅሩ። ተቀመጡ፣ ተጫወቱ፣ አንድ ስኒ ወይም በረካ ብቻ ይበቃል በሉ።

ጫትም አነቃቂ ነው። ለዱዓ የሚቀመጡበት ሥርዓት የኖረ ነው፤ ስለ እሱ አልፈርድም። የማወራው ስለ ሰውነት ነው። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ጠዋት ያበረደ የመሰለው ሀሳብ ሌሊት ተደርቦ ይመጣል። ጭንቀት ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል።

«ጦርነቱ አልፏል፤ እርሱት»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ያየ ሰው፣ ዛሬ በር ሲላተም ቢደነግጥ ደካማ ሆኖ አይደለም። ሰውነቱ መጠበቅን ተምሯል። ስጋቱ እስካሁን ያልተለያቸው አካባቢዎችም አሉ። «እርሱት» ከማለት ማዳመጥ ይሻላል። ማውራት ካልፈለጉም አታስገድዷቸው።

«መድኃኒት ከጀመርክ ሱሰኛ ትሆናለህ»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ቶሎ የሚያረጋጉ ክኒኖች ሲቆዩ ሱስ ያስይዛሉ። ከጎረቤት ተቀብሎ ወይም ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ ጭንቀት ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታል፣ እንደ ሱስ አያስጎመጅም፣ ሲቆም ግን በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው። ለብዙ ሰው ደግሞ ያለ መድኃኒት የንግግር ሕክምና ብቻ ይበቃል።

ጭንቀቱ አብዛኛውን ቀን እየመጣ እንቅልፍና ሥራ ካበላሸ ወደ ሕክምና ሂዱ። ስድስት ወር ከሞላው ደግሞ ጭራሽ አታቆዩት። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ካስፈለገ እነሱ ወደ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን አትተዉት፤ የዚያኑ ዕለት አብራችሁት ሂዱ።