የቆየ የፒፓ ትምባሆ፦ በስህተት ሚወራውና እውነታው

ፒፓ ሚያጨሱ ሰዎች መሀል አንዱ "ይሄ ኮ የ10 አመት ነው" ካለ በቃ፣ ሁሉም ሳይቀምሰው ጥሩ ነው ብሎ ይፈርዳል። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ግን አመቱ ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ምን ቅጠል ነው የቆየው፣ እንዴትስ ነው የተቀመጠው፣ ጥያቄው እሱ ነው። ደጋግመው ሚሰሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

"ማንኛውም ትምባሆ ሲቆይ ይሻሻላል"

አይሻሻልም። በመቆየት በጣም ሚያተርፈው ቨርጂኒያ ሚባለው የትምባሆ አይነት ነው፣ ምክንያቱም ጭስ ሳይነካው በሙቅ አየር ቶሎ ስለሚደርቅ ስኳሩ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል፣ በርሊ ሚባለው ሌላው አይነት ግን ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ለሳምንታት ቀስ እያለ ስለሚደርቅ ስኳሩን ራሱ ይጨርሰዋል። ቨርጂኒያ በቆርቆሮ ታሽጎ ሲቀመጥ መጀመሪያ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረችው ኦክስጅን ታልቃለች፣ ከዛ ያለ አየር በጣም ዝግ ያለ ለውጥ ይቀጥላል፣ ወርቃማው ቀለም ወደ ቡናማ ይጠቁራል፣ አዲስ እያለ የነበረው ሳር ሳር ሎሚ ሎሚ ሚለው ነገር ይለዝብና ዘቢብ ወይ ቴምር ሚመስል ጣዕም ይመጣል። ፔሪክ ያለበት ቅይጥም መቆየት ይወዳል። ፔሪክ ሉዊዚያና ሴንት ጀምስ ፓሪሽ ውስጥ በርሜል ውስጥ በሀይል ተጨቁኖ አንድ አመት አካባቢ ሚብላላ ቅጠል ነው፣ ማለት ገና ሳይታሸግ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ላታኪያ ሚባለው ቅጠል ሌላ ነው። ስሙን ያገኘው ከሶሪያዋ ወደብ ነው፣ በኋላ ዋናዋ አምራች ቆጵሮስ ሆነች፣ ባህሪው ሚመጣው በእንጨት ጭስ በመታጠኑ ነው። ያ ጭስ ደግሞ በአመታት ውስጥ ይደክማል። ለስለስ ያለ ለሚወድ ሰው ይሄ ደስ ይላል፣ ጭሱን ብሎ ለገዛው ግን ኪሳራ ነው። ቫኒላ፣ ቼሪ ምናምን የተጨመረባቸው ደግሞ የተጨመረው መዓዛ ከጊዜ ጋር እየሳሳ ስለሚሄድ በአዲስነታቸው ቢጨሱ ይሻላል፣ እነሱን 8 አመት ደብቆ ማስቀመጥ ለኔ ድካም ብቻ ነው።

"ነጭ ነገር ካየህ ሻግቷል፣ ጣለው"

ሁሌ አይደለም። በቆየ ቅጠል ላይ ብርሃን ሲነካው ብልጭ ብልጭ ሚል ደቃቅ ክሪስታል ሊወጣ ይችላል፣ እሱ ችግር የለውም። ሻጋታ ጸጉር ወይ ድር ይመስላል፣ ያ የታወቀው የእርጥብ ቤት ሽታም አለው። እሱ ከሆነ ግን የፈለገ ብርቅ ቢሆን ይጣል፣ ላዩን ጠርጌ አጨሰዋለሁ ሚባል ነገር የለም።

ያበጠ ቆርቆሮም እንደዚሁ ያስደነግጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ውስጥ ያለው መብላላት ያወጣው ጋዝ ነው። እኔን ይበልጥ ሚያሳስበኝ ዝገት ነው፣ የመርፌ ቀዳዳ ምታህል ከበሳች አየር ይገባና ስትከፍተው ሚጠብቅህ ገለባ ነው።

"ከተከፈተም በኋላ እዛው ይቆያል"

ከተከፈተ ያ ሂደት ተቋረጠ፣ መድረቅም ይጀምራል። ክዳኑ ላይ ጎማ ያለው የመስታወት ጃር ውስጥ ገልብጠው። የሲጋር ሳጥን ውስጥ ሚከቱም አሉ፣ እንዳታደርገው፣ እንጨቱ ሽታውን ይሰጠዋል። የደረቀን ትምባሆ ማራስ ይቻላል፣ በኖ የሄደው መዓዛ ግን አብሮ አይመለስም።

"ክፈትና ወዲያው አጭስ"

የመጀመሪያ የቆየ ቆርቆሮዬን ያበላሸሁት እንዲህ ነው፣ ጓጉቼ ከቆርቆሮው በቀጥታ ፒፓ ውስጥ፣ ከዛ ምላሴ ተቃጥሎ "ይሄ ነው እንዴ ያ ሁሉ ወሬ?" አልኩ። ትምባሆው አልነበረም ጥፋተኛው፣ በጣም እርጥብ ነበር፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ እየጠፋብህ ቶሎ ቶሎ ትስባለህ፣ አፍህ ሚገባውም ትኩስ እንፋሎት ነው። በጣትህ ጨበጥ አድርገህ ልቀቀው፣ እንደተጣበቀ ከቀረ ወረቀት ላይ በትነህ አንድ ሰአት ተወው፣ ቀስ ብሎ ከተበተነ ደርሷል። ስታጨስም ትኩስ ሻይ ፉት እንደምትል ቀስ እያልክ።

"የጠቆረ ሁሉ ሀይለኛ ነው"

ኒኮቲን በቀለም አይታወቅም። ላታኪያ እንደ ከሰል ጠቁሮ በኒኮቲን በኩል ቀላል ነው። ወሳኙ የቅጠሉ ዘርና ግንዱ ላይ ያለበት ቦታ ነው፣ የላይኞቹ ቅጠሎች ይበረታሉ።

"ሳንባ ስለማይገባ፣ ደግሞም ስለቆየ አይጎዳም"

ይሄ ንጹህ ውሸት ነው። የፒፓ ጭስ ባይዋጥም የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮ እና የሳንባ ካንሰር ያመጣል፣ ኒኮቲኑም በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ሱስም ያሲዛል። መቆየት ሚያለዝበው ጣዕሙን ነው። እንደውም ናይትሮዛሚን ሚባሉት ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ሚፈጠሩት ቅጠሉ ሲደርቅና ሲብላላ ነው፣ ስለዚህ "ተፈጥሯዊ ነው፣ በስሏል" ሚለው ወሬ መከላከያ አይሆንም። ማያጨስ ሰው በዚህ ጽሁፍ ምክንያት እንዲጀምር አልፈልግም።

"ውድና ብርቅ ከሆነ ጣዕሙም ያው ነው"

ማምረት ያቆመ ብራንድ ዋጋው ሚሰቀለው ስለጠፋ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ከፈለክ አንድ አይነት ቅይጥ አዲሱንና የቆየውን ጎን ለጎን አድርግ፣ መጀመሪያ ሳይለኮሱ አሽትታቸው፣ ከዛ በሁለት የሸክላ ፒፓ ሞክራቸው፣ ምክንያቱም ላታኪያ ያጨስንበት የእንጨት ፒፓ ሽታውን ለቀጣዩ ያወርሳል። ጭሱን ሳትውጥ ትንሽ በአፍንጫህ አሳልፈው፣ ምላስ ጣፋጭና መራራውን ነው ሚለየው፣ ዘቢቡን ሚያገኘው አፍንጫ ነው። የትኛው አዲሱ እንደሆነ ሳይነግርህ ሌላ ሰው ቢሞላልህ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ፣ እኔ ሳደርገው ሁለት ጊዜ አዲሱን መርጫለሁ።