የኔመሲስ ዘመቻ ምንድን ነው?

በኛ አገር የተገደለ ሰው ጠያቂ ካጣ "ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ" ይባላል። እንደ ውሻ ደም ፈሶ ቀረ ማለት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አርመኖች የፈሩት ይህንኑ ነበር።

ኔመሲስ የጥንት ግሪኮች የበቀል አምላክ ናት። በስሟ የተጠራው ዘመቻ የተካሄደው ከ1920 እስከ 1922 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዳሽናክ የሚባለው የአርመን ፓርቲ በ1915 በአርመኖች ላይ የተጀመረውን እልቂት የመሩ የኦቶማን ቱርክ ባለሥልጣናትን ከተደበቁበት እያደነ አስገደለ።

ለምን ፍርድ ቤት አልሄዱም? ፍርድማ ነበር። በሐምሌ 1919 የኢስታንቡል ወታደራዊ ፍርድ ቤት በጦርነቱ ዘመን አገሪቱን ይመሩ የነበሩትን ሦስቱን ሹማምንት፣ ታላት ፓሻን፣ ኤንቨርንና ጀማልን፣ በሌሉበት ሞት ፈርዶባቸዋል። ሰዎቹ ግን ገና በ1918 ኅዳር ላይ በጀርመን መርከብ ሾልከው ወጥተዋል። ታላት ስሙን ቀይሮ በርሊን ተቀምጧል። የሚይዘው የለም፣ አሳልፎ የሚሰጠው የለም። በ1919 መጸው ፓርቲው የሬቫን ላይ ጉባኤ ተቀምጦ በራሳችን እንጨርሰው አለ። ከአቀናባሪዎቹ አንዱ አርመን ጋሮ ነው፤ ያኔ በዋሽንግተን የአርመን ሪፐብሊክ አምባሳደር ነበር። ቀን ዲፕሎማት፣ ማታ የደመኞች ስም ዝርዝር።

ታላት የደረሰው ለሶጎሞን ተህሊሪያን ነው። የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ነው። ጦርነቱ ሲነሳ ሰርቢያ ነበር፤ ወደ ካውካሰስ ሄዶ ከሩሲያ ጦር ጎን በተሰለፉት የአርመን በጎ ፈቃደኞች ውስጥ ተዋጋ። ጦሩ ወዳደገበት ኤርዚንጃን ሲደርስ ቤቱ ባዶ ነው። እናቱና ወንድሙ በ1915 ከተጋዙት ጋር አልቀዋል።

በርሊን ላይ ከታላት ቤት ትይዩ ክፍል ተከራየ። መጋቢት 15 ቀን 1921 ሰውየው ሃርደንበርግ ጎዳና ላይ በእግሩ ሲሄድ ከኋላው ተጠግቶ በአንድ ጥይት ጣለው። ከአዘጋጆቹ ሻሃን ናታሊ የሰጠው ትእዛዝ "እንዳትሸሽ" የሚል ነበር። ይያዝ፣ ይከሰስ፣ ችሎቱ የእልቂቱ ችሎት ይሁን ነው ሐሳቡ። ልጁ ግን ደንግጦ ሮጠ። መንገደኛው ይዞ ደበደበው።

ችሎቱ ሰኔ 2 እና 3 ቀን ዋለ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ያለው ነገር ነው። ተህሊሪያን ለ12ቱ ጁሪዎች ወታደር ነበርኩ አላለም። ተጋዦቹ መሐል ነበርኩ አለ። እናቴ ስትገደል አየሁ፣ እኔም ተመትቼ ወደቅኩ፣ ከወንድሜ ሬሳ ሥር ነቃሁ አለ። ከዚያ በኋላ እናቴ በሕልሜ መጥታ "ታላት እዚህ እንዳለ እያወቅክ ዝም አልክ? ልጄ አይደለህም" አለችኝ ብሎ ተናገረ። ሐኪሞች ስለሚጥለው ሕመም መሰከሩ። ፓርቲው ልኮኛል የሚል ቃል አልወጣውም።

እውነቱ ዘግይቶ ወጣ። ያኔ እሱ ግንባር ላይ ነበር፤ የእናቱን ሞት በዓይኑ አላየም። በችሎቱ የተናገረው የራሱ ሳይሆን የሌሎች ሺዎች ታሪክ ነው። ውሸታም ልበለው? ይከብደኛል። ሟቾቹ የእውነት እናቱና ወንድሙ ናቸው። ግን የሠለጠነ ወታደር አስቦበትና ተልኮ ገደለ ቢባል ጀርመን ውስጥ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ወታደሩን ደብቆ ልጁን አቀረበ። ጁሪው አንድ ሰዓት ያህል ተመካክሮ "ጥፋተኛ አይደለም" አለ።

ሌሎቹ ተፈላጊዎችም ተራ በተራ ተገደሉ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰይድ ሐሊም ሮም ላይ፣ ከእልቂቱ አቀናባሪዎች በሃኤዲን ሻኪርና የትራብዞን ገዥ የነበረው ጀማል አዝሚ በርሊን ላይ በአንድ ምሽት፣ ጀማል ፓሻ ትብሊሲ ላይ።

ያን ችሎት በጋዜጣ የተከታተለ ራፋኤል ለምኪን የሚባል ተማሪ ነበር። አንድ ሰው የገደለ ይከሰሳል፤ ሕዝብ ያስፈጀ ለምን አይከሰስም ብሎ መምህሩን ጠየቀ። በ1944 "ጄኖሳይድ" የሚለውን ቃል ያወጣው እሱ ነው።

ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች እኛም ጋ ደርሰዋል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው "አርባ ልጆች" ከነሱ ናቸው።

ታላት በ1943 አፅሙ ከበርሊን ኢስታንቡል ሄዶ በክብር ተቀበረ። ተህሊሪያን በ1960 አሜሪካ ሞተ። ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ያለው መቃብሩ ላይ ሐውልት ቆሟል። ጫፉ ላይ እባብ የሚገድል ወርቃማ ንስር አለ።